አንገት ነው አሉኝ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ዛሬም አንሶላ። ምን አዲስ ነገር አለና... ከሆቴሎቹ የመጣውን አንሶላ ከዘሪቱ ጋር ስናጥፍ ዋልን። ትናንሾቹን ማሽኑ ያጥፋቸዋል። ትልልቆቹ ግን አሁንም ሁለት ሴት ይፈልጋሉ፤ አንዷ በዚህ ጫፍ፣ አንዷ በዚያ። ስንቀራረብ እናወራለን፣ ስንራራቅ ዝም። የኢንዱስትሪ ቀጠናው ልብስ ማጠቢያ ውስጥ እንዲህ ስንል አረጀን።

"አያለች፣ ምን ሆነሻል ዛሬ? አሁንም አሁንም ሽንት ቤት!" አለችኝ ዘሪቱ።

"ውሃ ጠጥቼ ነው።"

ውሃስ ውሃ ነው። የጠጣሁት ግን አይደለም። ከጠዋት እስከ ማታ ከታች ይፈሰኛል። እንደ ልጃገረድ ሞዴስ ገዝቼ ቦርሳዬ ውስጥ ደብቄ እዞራለሁ፣ በስልሳ ስድስት ዓመቴ! ሱቅ ውስጥ ያለው ልጅ ሞዴሱን አየ፣ እኔን አየ። "ለልጄ ነው" አልኩት። ማን ጠየቀኝ? ቀባጣሪ።

ዓምና ኩፓት ሆሊም፣ ክሊኒኩ፣ ሄጄ ነግሬያቸው ነበር። ያን የሴቶች ምርመራ አደረጉልኝ፤ ንጹሕ ነው፣ ምንም የለብሽም፣ የዕድሜ ነው አሉኝ። እሺ... የዕድሜ ነው። ወገብም የዕድሜ፣ ጉልበትም የዕድሜ። ደም ቢሆን ኖሮ እጮህ ነበር። ለውሃ ማን ይጮሃል?

አዳሙ ራቱን በልቶ ቴሌቪዥኑ ፊት አንቀላፍቷል። ቀስቅሼ ወደ አልጋ ልወስደው ይገባኛል። ትንሽ ልቀመጥ መጀመሪያ።


ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ሰንበት ገባ። ወገቤ። ሌላ የምጽፈው የለም።


ሰኞ፣ ህዳር 8

ኖጋ አወቀችብኝ። የመጨረሻዋ ልጄ፣ እዚሁ እስራኤል የተወለደችው። በሰንበት ከካርሜ ጋት መጥታ አብረን በልተን ስነሳ ቀሚሴ ከኋላ ረጥቧል፣ የሶፋው ጨርቅም ረጥቧል። "ኢማ! ይሄ ምንድን ነው?" ውሃ ደፍቼ ነው ልላት ፈልጌ ነበር። ብርጭቆ የለ ምን የለ... ፊቴ ላይ አየችው።

ዛሬ የሴቶች ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ዶክተር ሺርሊ ትባላለች፣ ገና ወጣት ናት። መጀመሪያ እያወራች ነበር፣ ስለ ልጆቿ፣ ስለ መንገዱ መዘጋጋት። ከዚያ ዝም አለች። ስታየኝ ቆየች፣ ቆየች... ሐኪም ዝም ሲል አልወድም። ትንሽ ሥጋ ቆርጣ በጠርሙስ አደረገች። "ጥቂት ቀን ይደማል፣ አትደንግጥ በያት" አለቻት ለኖጋ።

ደማ። ከስንት ዘመን በኋላ ደም! አልጋዬን ቀየርኩ፤ የኖጋ የድሮ ክፍል ገባሁ። ለአዳሙ ወገቤ ነው፣ ፍራሹ ይሻለኛል አልኩት።


ኀሙስ፣ ህዳር 11

ስግድ ዛሬ ነው፣ የኛ በዓል። ሰፈሩ ሁሉ ወደ ኢየሩሳሌም ወጣ። አውቶቡሶቹ ሲነሱ በመስኮት አየኋቸው፣ ሴቶቹ በነጭ ተውበው። እኔ ቀረሁ። እዚህ አገር ከገባን ወዲህ ቀርቼ አላውቅም። ደም እያለብኝ የቄሶቹ ጥላ ፊት እንዴት ልቆም? እናቴ ብትሆን የመርገም ጎጆ ትገባ ነበር፤ ከመንደሩ ዳር፣ ምግቧን ከድንጋዩ ማዶ እያስቀመጡላት። እኔ ጎጆ የለኝም። ሳህኔን ለየሁ፣ ብርጭቆዬን ለየሁ። ያዘዘኝ የለም። ኖጋ ብትሰማ ታብድብኛለች።

አዳሙ ለብሶ በሩ ላይ ቆሞ፣ "አትሄጂም እንዴ?"

"ወገቤ።"

"ምነው ዘንድሮ ይሄ ወገብሽ..." ብሎ አመነታ። ከዚያ ሄደ።

ማታ ሲመለስ ቄሶቹ ከባረኩት ዳቦ ቆርሶ በመሐረብ አምጥቶልኛል። ሲጾም ውሎ ደክሞት እንኳ አልረሳኝም። ጠቅልዬ አስቀመጥኩት፤ ደሙ ቆሞ ስነጻ እበላዋለሁ።


ማክሰኞ፣ ህዳር 23

ውጤቱ መጣ። ዶክተር ሺርሊ ወንበሯን አስጠግታ ተቀመጠች። ወንበር ሲያስጠጉ ደግ ነገር አይመጣም። መጀመሪያ "ሳርታን" አለች። ካንሰር ማለት ነው፤ እሱን ቃል የማያውቅ ማን አለ? ቀጥላ "ጻቫር" አለች። ጻቫር በዕብራይስጥ አንገት ነው፤ ሥራ ቦታ የሸሚዙን አንገት ጻቫሮን ጻቫሮን ስንል ነው የምንውለው። ከዚያ ደግሞ "ኬቫ፣ ሱግ ኬቫ"። ኬቫ ጨጓራ ነው። በመካከል ሌላ ቃል ነበረ፣ ሮጦ አለፈኝ። ኖጋን ልጠይቃት ዞር ስል እንባዋ ይወርዳል።

መኪና ውስጥ ሆነን፣ "ልጄ፣ አንገቴ ላይ ነው ያለችው?"

"ጻቫር ኢማ... ጻቫር ሆኖ... ኦፍ! በአማርኛ እንዴት ነው የሚሉት እኔ አላውቅም።"

"አንገት ነው የሚሉት።"

"እሺ። አንገት" አለችና መሪው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እኔ ነኝ ያባበልኳት።

ግን ነገሩ ግራ ገባኝ። ከታች ቆርጣ ወስዳ እላይ ነው ትለኛለች? ጨጓራስ? ምናልባት ከሆድ ተነስቶ ወደ አንገት ወጥቶ ይሆናል። እነሱ ናቸው የሚያውቁት። ቤት ገብቼ መስታወት ፊት አንገቴን ዳሰስኩት። ምንም የለም። ንቅሳቴም እንዳለ ነው፣ ትንሽ ተጨማደደ እንጂ። እዚህ ውስጥ ያለው ነው የሚገድለኝ? እዚህ?


ኀሙስ፣ ህዳር 25

ለአዳሙ ነገርኩት። ለሁለት ቀን አፌ እምቢ ብሎኝ ነበር።

"አንገት?"

"አንገት።"

ተነስቶ መጣና በጣቶቹ አንገቴን ነካ ነካ አደረገው። እንዲህ ከነካኝ ስንት ጊዜው... "እዚህ ያምሻል? እዚህስ?"

"አያመኝም።"

"ታዲያ በምን አወቁት?"

እኔስ በምን ልወቅ? ጣቶቹን ከአንገቴ ላይ ማንሳት አቃተው። ወንዶቹ ልጆቻችን ጦር ሠራዊት ሲሄዱ እንኳ እንዲህ ያልሆነ ሰው። አንጀቴን በላው። "አይዞህ" አልኩት። ዘንድሮ ሰው ሳጽናና ልሞት ነው።


እሑድ፣ ህዳር 28

ወሬው ሰፈሩን አዳርሷል። ከቤት እስከ አውቶቡስ ፌርማታ ድረስ "አንገትሽ እንዴት አደረ?" የማይለኝ የለም። አንዷ በማር እሺው ትለኛለች፣ አንዷ ብርድ አታስመቺው። ዘሪቱ ወፍራም የአንገት ልብስ ሰጠችኝ፣ ራሷ የሠራችው። ወደድኩት፤ ቀለሙ ብርቱካን ነው። አንሶላውን እያጠፍን፣

"ተመስገን በይ፣ አንገት ነው" አለችኝ። "ያኛው ቢሆን ምን ይውጥሽ ነበር!"

"የቱ ያኛው?"

"የታችኛው ነዋ! ነርሷ መርካዝ አዳራሽ መጥታ ያስተማረችን። ከወንድ ነው የሚመጣው፣ ቫይረስ ነው ያለችው። ቆይ፣ ረሳሽው? እንዴት ስቀን ነበር! ያንድ ባል ሴቶች ነን እኛ፣ ምን አገባን አላልንም?"

አስታወስኩ። ብለናል። እውነትም ስቀናል። ዛሬም አብሬያት ሳቅሁ።


ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 1

ቤርሼባ፣ ትልቁ ሆስፒታል። በባቡር፣ ከኖጋ ጋር። እዚያ አንዲት የኛ ልጅ መደቡልኝ፣ ሬዑት ትባላለች፤ ሥራዋ በሐኪሞቹና በኛ ሰዎች መካከል ማስተርጎም ነው። አማርኛዋ ጥርት ያለ፣ አያቷ አሳድጋት።

"እማማ አያለች፣ አንገትዎን ምነው ጠቀለሉት? በርዶዎት ነው?"

"እንዴ! በሽታዬ እሱ አይደል እንዴ!"

ልጅቱ ኖጋን አየቻት። ኖጋ ወለሉን። ሬዑት እጄን ያዘችኝ።

"አንገት አይደለም እማማ። እነሱ ቋንቋቸው ሆኖ 'የማህፀን አንገት' ይሉታል። እኛ የማህፀን በር የምንለውን ነው።"

ክው አልኩ።

"ጨጓራውስ? ጨጓራም ብላለች፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።"

"እሱ የዓይነቱ ስም ነው። በማጉያ ሲያዩት የጨጓራ ሥጋ ይመስላል። ብዙ የማያጋጥም ዓይነት ነው፤ የሚያገኙት በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴቶች ላይ ነው፣ ምልክቱም ያ ውሃ ነው።" ከዚያ የሐኪሞቹን ቃል ነገረችኝ። ማህፀኑን ከነ ዙሪያው ያወጡታል። ኋላ ጨረር። ቶሎ ነው ደግሞ፣ ይሄ ዓይነቱ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም አሉ።

የአንገት ልብሱን ፈትቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ያን ሁሉ ሕዝብ ለአንገቴ ጸልዩልኝ ብዬው! ኖጋ በባቡሩ መንገድ ሁሉ፣ "ስሊኻ ኢማ፣ ስሊኻ፣ ቃሉን አላውቀውም ነበር።" ምን ጥፋት አለብሽ? እኔ ነኝ ያወቅሁ የመሰለኝ። በጆሮዬ የቀረው ግን የዘሪቱ ድምፅ ነው። የታችኛው። ከወንድ የሚመጣው።


ዓርብ፣ ታኅሣሥ 3

በዕድሜዬ አንድ ወንድ ነው የማውቀው። አንድ። እሱም እዚህ ተቀምጦ ዓሣ ይበላል።

ታዲያ ከየት መጣ? ከሱ ነዋ። ከሱስ በቀር? ልጆቹን ለእኔ ጥሎ በ82 ወደ አዲስ አበባ የሄደው፣ የእስራኤል ኤምባሲ ደጅ ስሜን ላስመዝግብ ብሎ። እኔ አገር ቤት ዓመት ሙሉ ብቻዬን ከሁለት ሕፃን ጋር። ምን ሲሠራ ነበር ያን ዓመት? ጠይቄው አላውቅም። ለምን አልጠየቅሁትም?

"ጨው አነሰው" አለኝ።

ጨውን ፊቱ ሳስቀምጥለት ጠረጴዛው ጮኸ። ቀና ብሎ አየኝ። "ምነው? ያምሻል እንዴ አንገትሽ?"

ከማን አመጣህብኝ! አፌ ላይ ደርሳ ነበር። ዋጥኳት። እሱስ መልሶ ቢጠይቀኝ? አንቺስ ያን ዓመት ብቻሽን አልነበርሽም ወይ ቢለኝ በምን ልመልስ? ቤቴን በዚህ ዕድሜዬ ላፍርስ? የሰፈሩ ሴት ሁሉ አፍ ውስጥ ልግባ?

አንገት ይሻላል። አንገት ሆኖ ይቅር።


ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

ኖጋ መጣች፣ የኦፕራሲዮኑ ቀን ይያዝ ወይ እያሉ ይደውላሉ አለች። አልፈልግም አልኳት።

"ምን ማለት ነው አልፈልግም?"

"ደክሞኛል ልጄ።"

"ደክሞኛል መልስ አይደለም! ኢማ፣ አንቺ መሞት ትፈልጊያለሽ? ንገሪኝ። ለአባ እነግራለሁ እኔ።"

"ለአባትሽ ትንፍሽ ብትዪ ልጄ አይደለሽም!" አልኳት። እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ደንግጣ ቦርሳዋን አንስታ ሄደች። የሐኑካ ሻማው እንዳለ በርቷል፣ ሁለታችንም ሳናየው።

ታዲያ ምን ላድርግ? ከገባሁ እሱ ይከተለኛል። አንገት የሚታከመው ሴቶች ክፍል ነው እንዴ ሊል ነው። ካልገባሁ ግን... ካልገባሁ አንገቷን ታማ ሞተች ይላሉ። ይኸው ነው። ክፉ ሞት አይደለም። አፍሬበት አልሞትም።

እንዲህ ያሰብኩት እኔ ነኝ? አዎ፣ እኔ ነኝ።


ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8

አዳሙ አሽዶድ ድረስ ሄዶ ማር ገዛ። አገር ቤት የሚመስል ማር አለ ብለውት። ለብ አድርጎ አንገቴን አሸኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ተቀመጥኩ። ልግፋው ወይስ ልቀፈው? አለቀስኩ። "በጣም ያምሻል ማለት ነው" አለና እሱም ዓይኑ ቀላ።


ሰኞ፣ ታኅሣሥ 13

ሬዑት ደወለች። "እማማ፣ ምነው ጠፉ? ዶክተሮቹ እየጠበቁዎት ነው።" ስልኩን ይዤ በረንዳ ወጣሁ፣ በሩን ዘጋሁ።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እንዳትስቂብኝ። ከማን ነው የያዘኝ?"

አልሳቀችም። "ይህን ይዘው ነው የጠፉት እማማ? ቆዩ፣ ከዶክተሯ አፍ ሰምቼ ልመለስ።"

እስክትደውል ድረስ ልብስ አጠብኩ፣ ልብስ አሰጣሁ፣ የተሰጣውን መልሼ አወረድኩ። ደወለች።

"እንዲህ አለች። አብዛኛው የማህፀን በር ካንሰር ከቫይረሱ ነው። የእርስዎ ግን ያ ያልተለመደው ዓይነት ነው፤ ከቫይረሱ ጋር አይገናኝም። ከማንም አልያዘዎትም። የዓምናው ምርመራ ንጹሕ ያለውም ለዚህ ነው፣ ያ ምርመራ ሲፈልግ የነበረው ቫይረሱን ነው። ደግሞ ይህንንም በያት ብላኛለች፦ ከቫይረሱ ቢሆንም ኖሮ አያሳፍርም፤ ስንቱ ሰው ላይ አለ፣ ለዓመታት ሳይታወቅ ይቀመጣል።"

ከማንም አልያዘኝም። ቁጭ አልኩ እዚያው፣ የልብስ ቅርጫቱ ላይ። ሰውየውን በከንቱ ስጠላው ከረምኩ! ማሩን ይዞ ከአሽዶድ ሲመጣ እኔ በልቤ ስረግመው...

ነገ እነግረዋለሁ። ወይ ከነገ ወዲያ። እነግረዋለሁ ብቻ።


ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 15

ነገርኩት። ልክ እንደሆነው ልጻፈው።

ቁርስ በልተን ሳህኑን ሳላነሳ፣ "አዳሙ፣ አንገቴ አይደለም።"

"እ?"

"በሽታው አንገቴ ላይ አይደለም። ቋንቋው አሳስቶኝ ነው። ማህፀኔ ነው።"

ይህን ቃል እፊቱ ጠርቼው አላውቅም። ልጆቹን ስወልድ እንኳ ሆዴ ነበር የምለው። አፍሬ ጠረጴዛውን ስጠርግ ቆየሁ። አቀረቀረ። ያፈረ መሰለኝ። አሁን ደስ የሚለውን ልነግረው ነው፣ ከማንም አይደለም ልለው ነው፣ አፌን ከፈት ሳደርግ...

"ከኔ ነው?" አለኝ።

"ምኑ?"

"እኛንም ሰብስበው ነግረውናል፣ ወንዶቹን። ከወንድ ነው የሚመጣው ብለዋል። ከኔ ነው አያለች? ያን ጊዜ ከአዲስ አበባው?"

ከአዲስ አበባው። እኔ አልጠየቅሁትም። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ አንዲት ቃል አልጠየቅሁም።

ራሱ ቀጠለ፣ የጠረጴዛውን ልብስ እያየ። ቤት የተከራየበት ግቢ ውስጥ የምትኖር ሴት። ብቻዬን ነበርኩ አለ። ትመጪ አትመጪ አላውቅም ነበር፣ መንገዱ ጦርነት ነው ይሉ ነበር አለ። አንቺ ስትመጪ አለቀ አለ። "ገደልኩሽ" አለና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እናቱን ሲቀብር እንኳ እንዲህ ሲያለቅስ አላየሁትም።

ዝም ልለው ፈልጌ ነበር። ይቃጠል፣ እኔ እንደተቃጠልኩ። ሰኞ ዕለት ንጹሕ ነው ብዬ ያዘንኩለት ሰውዬ! ግን ሰው ሲያለቅስ እንዲህ...

"ካንተ አይደለም" አልኩት። "ከማንም አይደለም። ሌላ ዓይነት ነው። ዶክተሯን ጠይቄያታለሁ።"

ቀና አለ። "ጠይቀሻታል?"

"ጠይቄያታለሁ።"

ገባው። ጠርጥሬው እንደከረምኩ ገባው። እኔም እሱም የምንገባበት ጠፋን። ሳህኖቹን አነሳሁ።

"ይቅር በይኝ" አለ ከኋላዬ።

ውሃውን ከፍቼ እቃ አጠብኩ።


ኀሙስ፣ ታኅሣሥ 16

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እንደው ማለት... ያን ያህል ዘመን! አንድ አልጋ፣ አንድ ማዕድ። ቁጣው የት ሄደ? እፈልገዋለሁ፣ አጣዋለሁ። ድካም ብቻ ነው ያለው።

ጠዋት ደግሞ መጣ። ልብሱን ለባብሶ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ እንደ ሽማግሌ። "ይቅር በይኝና ግቢ ኦፕራሲዮኑን። የሚሆነው አይታወቅም፣ ቂም ይዘሽ አትግቢ።"

አሁን ቁጣው መጣልኝ!

"ምናልባት ብትሞት ብለህ ነው?"

"ኧረ እኔ እንዲያ አላልኩም..."

"ብለሃል! እኔ ይቅር ብዬህ ልሞት፣ አንተ ልታለቅስ፣ ሰው ሊያጽናናህ፣ ደግ ሚስት ነበረችኝ ልትል፣ በዚህ ሊያልቅ? የለም ጌታው! ድኜ ነው የምጣላህ። በደንብ አድርጌ ነው የምጣላህ። አሁን አቅም የለኝም!"

ኮፍያውን ይዞ ቆሞ ቀረ። ስልኬን አንስቼ እዚያው እፊቱ ኖጋ ጋ ደወልኩ።

"ቀኑን ያዢልኝ።"

"ኢማ? እርግጠኛ ነሽ? ምን ተፈጠረ?"

"ምንም። ሥራ አለብኝ። ቶሎ በያቸው።"


እሑድ፣ ታኅሣሥ 26

ከኦፕራሲዮኑ በፊት የመጨረሻ የሥራ ቀኔ። ትልቁን አንሶላ ይዘን ራቅ እንዳልን፣

"ዘሪቱ፣ አንገቴ አይደለም። ማህፀኔ ነው።"

ጫፉን ለቀቀችው። አንሶላው ወለሉ ላይ ተዘረረ።

"ያ... ያ የነርሷ?"

"እሱ ዓይነት አይደለም። ቢሆንስ? ልትሸሺኝ ነው?"

"ኧረ በስመ አብ... ምን አልኩሽ እኔ!" ብላ፣ ወዲያው ደግሞ በስመ አብ ማለቷን ሰምታ አፏን ያዘች። ፈላሙራ ናት፣ ወላጆቿ ክርስትና የገቡ፤ ሲያስደነግጧት የልጅነት አፏ ያመልጣታል። ከድሮም በዚህ አሾፍባታለሁ፤ ዛሬም ሳቄ መጣ። ተያይዘን ሳቅን፣ ሆዳችንን ይዘን፣ ኃላፊው እስኪገላምጠን።

አንሶላው እንደገና እንዲታጠብ ጋሪው ውስጥ ጣልነው። ሌላ አንስተን ጫፍና ጫፉ ሲገናኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እኔም አልፎ አልፎ ደም አያለሁ" አለች። "ከበጋው ጀምሮ። ለማን ይነገራል?"

"ለኔ ነግረሻል። ነገ ኩፓት ሆሊም ትሄጃለሽ። ኖጋ ትወስድሻለች።"

"ነገ ልጆቹን የምጠብቀው..."

"ነገ!"

ሳትሄድ ትቀር ይሆን? ነገ ማታ እደውላለሁ።


ረቡዕ፣ ጥር 6

ሆስፒታል። ብዕር መያዝ ከበደኝ።

አወጡት። ዶክተሯ ጥሩ ነው ብላለች፣ ግን አንዱ ንፍፊት ውስጥ ገብቶ ተገኝቷል። ስለዚህ ጨረር፣ ምናልባትም መድኃኒት። ይድናል ወይ ብዬ በሬዑት አስጠየቅኋት። "እንታገለዋለን" አለች። አዎም አይደል፣ አይደለምም አይደል።

አዳሙ በየቀኑ በባቡር ይመጣል። ሴቶች ክፍል ነው፣ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ይጨንቀዋል፤ ጫማውን ሲያይ ይውላል። ዛሬ ከጸሎት ቤቱ ሰዎች አንዱ ደወለለት። ጆሮው ስለደከመ ይጮሃል፣ ክፍሉ ሁሉ ይሰማዋል። "አንገቷ? አንገቷ ደህና ነው! ማህፀኗ ነው የታመመው። ማ-ህ-ፀ-ን! አዎ! ለሌሎቹም ንገር!"

አንሶላውን ፊቴ ላይ ሳብኩት። የሚስቅ ሰው ስፌቱ እንዴት እንደሚያመው!

ዘሪቱ ተመርምራለች። ኪንታሮት የምትመስል ትንሽ ሥጋ ናት፣ አወጡላት፣ ምንም የለባትም። እሰይ።


ማክሰኞ፣ የካቲት 10

ጨረር ተጀመረ። ታክሲ፣ ቤርሼባ፣ ታክሲ። ድካሙ ሌላ ነው፤ ማንኪያ ማንሳት እንኳ ሥራ ይሆናል። ከአልጋ ወደ ሶፋ፣ ከሶፋ ወደ አልጋ፣ ግድግዳውን ይዤ። አዳሙ ምግብ ይሠራል፣ እግዜር ያሳያችሁ... ሩዙን አሳርሮ ያመጣዋል፣ እበላዋለሁ። ስለዚያ ነገር አንዲት ቃል አላነሳንም።


ረቡዕ፣ የካቲት 18

ዛሬ ተጣላን።

እሱ ነው የጀመረው፣ ሳያውቅ። ሾርባ ይዞልኝ መጥቶ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠና ለስለስ ብሎ፣ "ይቅር ያልሽኝ መሰለኝ፣ ዝም ስላልሽ" አለኝ።

"ማን ነገረህ?"

ተነሳሁ። ግድግዳውን ሳልይዝ ነው የተነሳሁት፣ አሁን ነው ትዝ ያለኝ። ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ሁሉንም አነሳሁለት። እሱ በሄደ በወሩ ታናሹ ልጅ ኩፍኝ ወጥቶበት ሌሊቱን ብቻዬን ማደሬን። ከመንደር እስከ ጎንደር አንዱን አዝዬ አንዱን ጎትቼ፣ ወታደር ባየን ቁጥር እየተደበቅን መምጣታችንን። አዲስ አበባ የጭነት መኪናው ሲያወርደን የኔ ቀሚስ በትውከትና በአቧራ ጥቁር ሆኖ፣ እሱ ሊቀበለን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ቆሞ ነበር። እኔማ ባሌ አማረበት ብዬ ኮርቼ!

"ያን ሸሚዝ ማን አጠበልህ?"

ሾርባውን ያማስል ጀመር።

"ሸሚዙን ማን አጠበልህ አዳሙ?"

"እሷ።"

"ስሟ ማነው?"

ነገረኝ። እዚህ አልጽፈውም።

ላይኛው ፎቅ ያለችው ሩሲያዊት ወርዳ በሩን መታች፣ ሰላም ናችሁ ወይ ብላ። "ሰላም ነን፣ እየተጣላን ነው!" አልኳት በዕብራይስጥ፤ ግራ ገብቷት ተመለሰች። ኖጋ ደወለች፣ ማን እንደነገራት እንጃ። አላነሳሁትም። እስኪታክተኝ ተናገርኩ። እስክላብ። አንድም ጊዜ አላቋረጠኝም፣ አንድም ጊዜ ተረጋጊ፣ ታመሻል አላለኝም። እሱን ቢለኝ ሾርባውን እደፋበት ነበር።

ትንፋሽ ሲያጥረኝ ተቀመጥኩ። ሾርባው ቀዝቅዟል። ሳህኑን ወስዶ አሙቆ አመጣው፣ ዓይኑ ቀልቷል።

"ጨረስሽ?" አለኝ።

"ገና ምኑ ተነካና! ሾርባዬን ልጠጣ።"

"እሺ" አለ። ወንበሩን ወደ አልጋዬ አስጠግቶ ተቀመጠ።